መረጃው ለለጋሹ፣ መጋረጃው ለየቲሙ

(ለማኅበሩ አባላት፣ ለለጋሾችና የቲሞችን ለሚያሳድጉ ቤተሰቦች የቀረበ ንግግር)

 



ዛሬ እንድንነጋገርበት የመረጥነው ርእስ መጀመሪያ ሲሰማ ከየቲም ጉዳይ የራቀ ሊመስል ይችላል። ርእሱ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ደጋፊ ለማፍራት፣ የሠሩትን ለማሳወቅና እውቀት ለመለዋወጥ በኢንተርኔት እንዴት እንደሚገለገሉ የሚመለከት ነው። ነገር ግን በዚህ ዘመን የአንድ የቲም የትምህርት ቤት ክፍያ የሚሟላው፣ ደብተሩ የሚገዛው፣ የእናቱ የቤት ኪራይ የሚሸፈነው ብዙ ጊዜ ከሩቅ አገር በስልክ በሚላክ ገንዘብ ነው። ለጋሹ ልጁን አያየውም፤ ልጁም ለጋሹን አያውቀውም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ድልድይ መረጃ ነው። ድልድዩ ጽኑ ከሆነ ሰደቃው ሳይቋረጥ ይሻገራል። ድልድዩ ከተሰነጠቀ ግን ለጋሹ እጁን ይሰበስባል፤ የቲሙም በማያውቀው ምክንያት ከትምህርት ገበታው ይቀራል።

ስለዚህ ኢንተርኔት ለእኛ የወጣቶች መጫወቻ ወይም የቢሮ ጌጥ ሳይሆን አማና የሚያልፍበት መንገድ ሆኗል። አማና የሚያልፍበት መንገድ ደግሞ ጠባቂ ያስፈልገዋል። ዛሬ ልናስጨብጣችሁ የምንፈልገው ቁም ነገር አንድ ነው፦ በእነዚህ መገልገያዎች የገንዘቡ ሒሳብ ይገለጥ፣ እውቀቱም ይሰራጭ፤ የየቲሙ ገመና ግን ይሸፈን።

መሰብሰቡ ቀሏል

በቆየው ልማዳችን የጁሙዓ ሰላት ሲያበቃ በመስጊዱ በር ላይ ጨርቅ ይዘረጋል፤ ሰዉም አቅሙ የፈቀደውን እየጣለ ያልፋል። በረመዳን ፖስታ ይታደላል፤ ደረሰኝ ይቆረጣል። ይህ መልካም ልማድ ዛሬም አለ፤ ሊቀርም አይገባውም። ዳሩ ግን ጨርቁ የሚደርሰው በዚያ በር ላለፈ ሰው ብቻ ነው። በጅዳ ወይም በዱባይ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህት፣ በዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳ ወንድም በዚያ በር አያልፉም። ልባቸው ግን እዚህ ነው።

ኢንተርኔትና ሞባይል ይህን ርቀት አጥብበውታል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2010 በካሪቢያን ባሕር የምትገኘው ሄይቲ በከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ በተመታች ጊዜ፣ የአሜሪካ ቀይ መስቀል ሕዝቡ በሞባይል ስልኩ አንዲት ቃል ወደ አጭር ቁጥር በመላክ 10 ዶላር እንዲለግስ ጠየቀ። ገንዘቡ በስልኩ ወርሃዊ ሒሳብ ላይ ይደመር ነበር። በዚህ መንገድ ብቻ ከ32 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። እያንዳንዱ የሰጠው ለብዙዎች የአንድ ምሳ ዋጋ የሚሆን ነበር፤ ተደምሮ ግን ተራራ ሆነ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአበው ቃል ለድረ ገጽ የተነገረ ያስመስላል።

በሙስሊሙ ማኅበረሰብም ዘንድ ይኸው መንገድ ተለምዷል። ላውንችጉድ የተሰኘው የገንዘብ ማሰባሰቢያ መድረክ እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ሲመሠረት ዓላማው በልዩ ልዩ አገሮች የሚኖሩ ሙስሊሞች ለመልካም ሥራ በአንድ ገጽ ላይ እንዲገናኙ ነበር። በሀገራችንም እ.ኤ.አ. በ2018 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በቀን አንድ ዶላር እንዲያዋጡ ጥሪ ካቀረቡ በኋላ የኢትዮጵያ ዲያስፖራ ትረስት ፈንድ ተቋቁሞ መዋጮውን በድረ ገጽ ተቀብሏል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤምፔሳም በ2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ደግሞ ገንዘብ ለመላክ የባንክ ደጅ ላይ መሰለፍ የግድ አይደለም። በሰፈር ሱቅ የምትነግድ እናት ከገበያዋ ሳትነሳ ሰደቃዋን መላክ ትችላለች።

ይህ ሁሉ የአላህ ጸጋ ነው። ይሁን እንጂ ገንዘብ መሰብሰብ በቀለለ መጠን አንድ ፈተና አብሮ ይመጣል። በመስጊድ በር ላይ ገንዘቡን የሚሰበስበው ሰው የሰፈሩ ሰው ነው፤ ሰጪው በማግስቱ ያገኘዋል፤ ሲያሻውም ይጠይቀዋል። በስልክ የሰጠ ሰው ግን ማንን ይጠይቅ? ስለዚህ መሰብሰቡ የቀለለን ያህል ማስረዳቱም ሊቀልና ሊፈጥን ይገባዋል።

ለገንዘቡ ምስክር ማቆም

በሱረቱ አን-ኒሳእ 6ኛው አንቀጽ፣ የየቲም ገንዘብ በእጁ ያለ ሰው ልጁ ለአካለ መጠን ደርሶና አስተዋይነቱ ታይቶ ንብረቱን በሚያስረክበው ጊዜ ምስክር እንዲያቆም ታዟል። ምስክር የሚቆመው አስረካቢው በውሸት ስለተጠረጠረ አይደለም። ጥርጣሬ ሥር ሳይሰድ እንዲደርቅ፣ የቲሙም መብቱን እንዲያውቅ፣ አደራ ተቀባዩም ከሐሜት እንዲድን ነው። እኛም በድረ ገጽ፣ በኢ-ሜይል ወይም በስልክ መልእክት የሚወጣ የሒሳብ መግለጫ በዚህ መንፈስ ሊታይ ይገባዋል እንላለን። መግለጫው ማስታወቂያ ሳይሆን ምስክር ነው።

ምስክር ሳይቆም ሲቀር ምን እንደሚከተል ከዚያው ከሄይቲ ጉዳይ እንማራለን። ፕሮፐብሊካ እና ኤን.ፒ.አር. የተባሉት የአሜሪካ የዜና ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ዘገባ፣ የአሜሪካ ቀይ መስቀል ለሄይቲ ግማሽ ቢሊዮን ዶላር ገደማ አሰባስቦ ያሠራቸው ቋሚ ቤቶች 6 ብቻ መሆናቸውን ገለጹ። ድርጅቱ ዘገባውን ተቃውሞ፣ ገንዘቡ ለጊዜያዊ መጠለያ፣ ለቤቶች ጥገና፣ ለጤናና ለሌሎችም ሥራዎች መዋሉን አስረዳ። እዚህ ሆነን በሁለቱ መካከል ልንፈርድ አንነሳም። ለእኛ የሚበቃን ትምህርት ይህ ነው፦ ገንዘቡ በሰኮንዶች ተልኮ ሒሳቡ ከ5 ዓመት በኋላ መከራከሪያ ከሆነ፣ የለጋሹ ልብ በመካከሉ ይቆስላል። በሌላ ጊዜ ሌላ የተቸገረ ሕዝብ ሲጠራው ይህ ቁስል ያመነታዋል።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ እውነተኛ አገላለጽ ነው። ኪቫ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ተመሠረተ። ሰዎች በድረ ገጹ ላይ የአንዲትን ነጋዴ ፎቶና ታሪክ አይተው ጥቂት ገንዘብ ያበድሯታል። አበዳሪው ወለድ አያገኝም፤ በየአገሩ ብድሩን የሚያከፋፍሉት ተቋማት ግን ብዙዎቹ ወለድ ስለሚያስከፍሉ አሠራሩ እንዳለ ለእኛ የሚቀዳ አይደለም። ሆኖም በእርሱ ላይ የሆነውን ማወቅ ይጠቅመናል። እ.ኤ.አ. በ2009 ዴቪድ ሩድማን የተባለ ተመራማሪ አንድ ነገር አስተዋለ። አበዳሪው ፎቶዋን አይቶ ገንዘብ ሲልክላት፣ ሴትዮዋ ብዙውን ጊዜ ብድሩን ቀድማ ወስዳለች፤ የእርሱ ገንዘብ የሚገባው በዚያ ምትክ ነው። በአሠራሩ ስርቆት አልነበረበትም። ጉድለቱ ለጋሹ የተረዳውና በእርግጥ የሚሠራው አለመገጣጠማቸው ነበር። ድርጅቱም አሠራሩን በድረ ገጹ ላይ ግልጽ አድርጎ ጻፈ።

ይህ ነገር የየቲም ድጋፍን በቀጥታ ይነካል። አንድ ወንድም «እኔ የማሳድገው የቲም አለኝ» ብሎ በደስታ ሲናገር፣ ገንዘቡ በሙሉ ለዚያ ልጅ ብቻ የሚደርስ ይመስለዋል። በአንዳንድ ድርጅቶች እንዲህ ነው። በሌሎች ዘንድ ግን ገንዘቡ በአንድ ቋት ገብቶ ለብዙ ልጆች ይከፋፈላል፤ ወይም ለልጁ ቤተሰብና ለሚማርበት ትምህርት ቤት ይውላል። ሁለቱም መንገድ መልካም ሊሆን ይችላል። የማይፈቀደው አንዱን እየሠሩ ሌላውን መናገር ነው። ለጋሹ የነየተው ኒያ ከተፈጸመው ሥራ ጋር እንዲገጥም፣ አሠራሩ በቀላል አማርኛ ገንዘቡን ከመላኩ በፊት ሊነገረው ይገባል።

ሦስተኛው ትምህርት ክፉ ዜናን ስለመግለጥ ነው። ቻሪቲ ዎተር የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 በኒውዮርክ ተመሥርቶ በኢትዮጵያም ጭምር የንጹሕ ውኃ ሥራ ይሠራል። ለለጋሾቹ የውኃው ተቋም የተሠራበትን ሥፍራ በካርታ ላይ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2012 ከጉግል ባገኘው 5 ሚሊዮን ዶላር ደግሞ ውኃው መፍሰስ አለመፍሰሱን ከሩቅ የሚያስታውቅ መሣሪያ እንዲሠራ አደረገ፤ መሣሪያውም በሀገራችን ተተክሏል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ እንዲህ ያለ መሣሪያ የሚናገረው ውኃው ሲፈስ ብቻ አይደለም፤ ሲቋረጥም ይናገራል። ድርጅቱ ጥሩውን ብቻ ከማውራት ይልቅ መጥፎውን የሚናገር ምስክር በራሱ ላይ አቆመ ማለት ነው። ሲቋረጥ የታወቀ ውኃ ይጠገናል። ያልታወቀ ግን ፎቶው በድረ ገጽ ላይ እያማረ ሕዝቡ ተመልሶ ወደ ወንዝ ይወርዳል።

የየቲምም ጉዳይ እንዲሁ ነው። በርሚንግሃም ከተማ እ.ኤ.አ. በ1984 ከ20 ፔንስ ልገሳ የተነሣው ኢስላሚክ ሪሊፍ የቲሞችን ለሚደግፉ ሰዎች በየዓመቱ ስለ ልጁ ሁኔታ ዘገባ ይልካል። እንዲህ ያለ ዘገባ ዋጋ የሚኖረው ልጁ ከክፍል ክፍል ሲዛወር ብቻ ሳይሆን ትምህርት ሲከብደው፣ ሲታመም ወይም ቤተሰቡ ቀዬ ሲለቅ ጭምር እውነቱን ሲናገር ነው። ለጋሽ ሁልጊዜ የምሥራች ብቻ እንዲሰማ የሚፈልግ ሕፃን አይደለም። የእውነት ተካፋይ ሲያደርጉት ሸክሙንም አብሮ ይሸከማል።

የማይገለጠው

እስካሁን ስለሚገለጠው ተናገርን። አሁን ወደማይገለጠው እንምጣ፤ የዛሬው ንግግራችን ልብ ያለውም እዚህ ላይ ነው።

ገንዘብ ለማሰባሰብ ከሁሉ የሚፈጥነው መንገድ የሚያለቅስ ልጅ ፎቶ መለጠፍ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። የተቀደደ ልብስ፣ ዝንብ የወረረው ፊት፣ በካሜራ ፊት ቆሞ «አባቴ ሞቷል፣ እርዱኝ» የሚል ልጅ። ሰው ያዝናል፤ ገንዘብም ይገባል። ነገር ግን ያ ልጅ ያድጋል። ያ ፎቶ ግን አያረጅም። ዛሬ የ7 ዓመት ልጅ ሆኖ የተነሳው ምስል የ17 ዓመት ወጣት ሲሆን ከክፍል ጓደኞቹ በአንዱ ስልክ ላይ ይገኛል። በ27 ዓመቱ ሥራ ሲፈልግ፣ ትዳር ሲጠይቅ ይከተለዋል። በወረቀት የታተመ ፎቶ ይደበዝዛል፤ ይጠፋል። በኢንተርኔት የተለቀቀ ምስል ግን ባለቤቱ ቢያጠፋው እንኳ ሌላ ሰው ገልብጦት ይኖራል። እኛ ለአንድ ወር ቀለብ ስንል በልጁ ግንባር ላይ የዕድሜ ልክ ጽሑፍ ልንጽፍ አይገባንም።

ሰደቃን በመመጻደቅና በማስከፋት ማበላሸት በቁርኣን የተከለከለ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በዒድ ዋዜማ «ለየቲሞች የተበረከተ» የሚል ጽሑፍ በሰፊ ጨርቅ ሰቅሎ፣ ልጆቹን ከጽሑፉ በታች አሰልፎ፣ አልባሳቱን በእጃቸው አስይዞ ፎቶ ማንሳት፣ አንሺው ባያስበውም፣ ወደዚያ ማስከፋት እንዳይጠጋ ያሰጋል። ልጁ አዲስ ልብስ አገኘ፤ ግን የዒድ ቀን ልብሱን ለብሶ ሲወጣ መንደሩ ሁሉ ከየት እንዳገኘው አይቷል።

ሌላም አደጋ አለ። የልጁ ሙሉ ስም፣ የሚማርበት ትምህርት ቤት፣ ቀበሌውና «አባት የለውም» የሚለው ቃል በአንድ ገጽ ላይ ሲገኙ፣ ጠባቂ የሌለው ልጅ የት እንደሚገኝ ለክፉ ሰው አድራሻ እንደመስጠት ነው። በስልክ የሚነሳ ፎቶ ደግሞ የተነሳበትን ሥፍራ በውስጡ ሊይዝ እንደሚችል ብዙ ሰው ልብ አይለውም።

ሕግም በዚህ ረገድ ከእኛ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በ16ኛው አንቀጽ የልጅን የግል ሕይወትና ክብር ይጠብቃል፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1991 ተቀብላዋለች። የሀገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 አሳዳጊ ለሌላቸው ልጆች ልዩ ጥበቃ እንዲደረግ ይደነግጋል። የግል መረጃን ስለመጠበቅ የወጣውም አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ የሚይዝ ሁሉ ኃላፊነት እንዳለበት ያስገነዝባል። በአየርላንድ የሚገኙ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ2006 ዶቻስ በተባለው ኅብረታቸው አማካይነት ስለ ምስልና መልእክት አጠቃቀም የሥነ ምግባር ደንብ አውጥተዋል፤ የደንቡም መንፈስ የሚረዳው ሰው ክብር እንዳይነካ ነው። ሌሎች በደንብ የተስማሙበትን እኛ በዲን የታዘዝነው ሰዎች ልናንስበት አይገባም።

«እናቱ ፈቅዳለች» የሚል መልስ አንዳንድ ጊዜ ይሰማል። ነገር ግን እርዳታው እንዳይቀርባት የምትሰጋ እናት «እሺ» ማለቷ እውነተኛ ፈቃድ ነውን? ፈቃድ ፈቃድ የሚሆነው «እምቢ» ብትል ምንም እንደማይቀርባት አስቀድሞ በግልጽ ሲነገራትና ልጁም በዕድሜው መጠን ሲጠየቅ ነው።

ታዲያ ለጋሹ ምን ይይ? ብዙ የሚታይ ነገር አለ። የተገዙት ደብተሮች ይታዩ፤ የተጠገነው ጣሪያ ይታይ፤ የክፍያው ደረሰኝ የልጁ ስም ተሸፍኖ ይታይ። ልጁ በስሙ ፋንታ በቁጥር ይመዝገብ፤ ቁጥሩን ከስሙ ጋር የሚያገናኘው መዝገብ በማኅበሩ ቢሮ ተቆልፎ ይቀመጥ። ልጁ ራሱ ለመጻፍ ከወደደ ደብዳቤው ስሙና ሰፈሩ ሳይጠቀስ ለአሳዳጊው ብቻ ይላክ። ለጋሹም በስሙ መታወቅ የማይሻ ከሆነ ስሙ ከዝርዝር እንዲቀር ይደረግ፤ ለድኾች በስውር መስጠት የተወደደ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለንና። መጋረጃው ለየቲሙም ለሰጪውም ነው።

እውቀትም ሰደቃ ነው

ሰው ከሞተ በኋላ ምንዳቸው ከማይቋረጥ ሥራዎች መካከል ጠቃሚ እውቀት አንዱ መሆኑን ከሐዲስ እናውቃለን። ኢንተርኔት ለበጎ አድራጎት ካመጣው ጸጋ ሁሉ ብዙ ያልተጠቀምንበት ይህ ነው። ዊኪፔዲያ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲጀመር ማንም ሰው ያወቀውን ያለ ክፍያ እንዲያካፍል ታስቦ ነው፤ የአማርኛ ክፍልም አለው። የሚመራውም ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ሰዎች የማያገኙትን ገንዘብ ሳያስቡ እውቀታቸውን ይጽፋሉ፤ ሌላውም ያነበዋል።

በየቲም ጉዳይ ላይም ብዙ እውቀት ተከማችቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ከወላጆቻቸው ስለተለዩ ልጆች አማራጭ እንክብካቤ መመሪያ ተቀብሏል። መመሪያው ድህነት ብቻውን ልጅን ከቤተሰቡ ለመለየት ምክንያት እንዳይሆን፣ ወንድማማቾችና እኅትማማቾችም በተቻለ መጠን እንዳይለያዩ ያሳስባል። ከዚህ ቀደም የጠቀስነው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም በ20ኛው አንቀጹ የእስልምና ሕግ ከፋላን ከአማራጭ እንክብካቤ መንገዶች አንዱ አድርጎ በስም ጠቅሶታል። ቤተር ኬር ኔትወርክን የመሰሉ ድርጅቶች እንዲህ ያለውን ጽሑፍ በኢንተርኔት ሰብስበው በነጻ ያቀርባሉ። ይህን ያወቀ ለጋሽ ገንዘቡ ልጅን ከእናቱ ለይቶ አዳሪ ቤት ከማስገባት ይልቅ እናቲቱን አቋቁሞ ልጁን በቤቱ ለማሳደግ እንዲውል ይጠይቃል። የለጋሽ እውቀት የየቲምን ዕጣ የሚለውጠው እንዲህ ነው።

ነገር ግን እውቀቱ በእንግሊዝኛ ብቻ ተቀምጦ ለባሏ የሞተባት እናት ምን ይጠቅማታል? የክትባት ጊዜን፣ የትምህርት ቤት ምዝገባን፣ የልደት ማስረጃ አወጣጥን፣ የየቲሙን የውርስ ድርሻ አጠባበቅ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በአፋርኛ አዘጋጅቶ ማሰራጨት ይቻላል። ማንበብ ለማትችል እናት በድምፅ ተቀርጾ በስልክ ሊደርሳት ይችላል። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው በመካከላችን ያሉ ሐኪሞች፣ የሕግ ባለሙያዎች፣ መምህራንና ዓሊሞች ጥቂት ሰዓት እንዲለግሱ ነው። በውጭ አገር የምትኖሩ ወንድሞችና እህቶች ሆይ፣ ከእናንተ የምንሻው ዶላራችሁን ብቻ አይደለም።

እውቀት ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚፈስ ውኃ እንዳይመስለንም እናስተውል። በኬንያ ከምርጫው በኋላ ሁከት በተነሳበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ኡሻሂዲ የተባለ መገልገያ ተሠራ። ሕዝቡ በሰፈሩ ያየውን በአጭር መልእክትና በኢንተርኔት ይልካል፤ መልእክቱም በካርታ ላይ ይሰፍራል። ከሁለት ዓመት በኋላ ይኸው መገልገያ በሄይቲ አገልግሏል። ኡሻሂዲ በስዋሂሊ ቋንቋ ምስክርነት ማለት ነው፤ ሥሩም ሸሃዳ ከምንለው የዐረብኛ ቃል ጋር አንድ ነው። ምስክሮቹ ባለሥልጣናት ወይም ባለሙያዎች አልነበሩም፤ የሰፈሩ ሰዎች ነበሩ። እኛም ዘንድ የየትኛው ልጅ ጫማ እንዳለቀ፣ የትኛው እንደታመመ ከሁሉ በፊት የምታውቀው እናቱ፣ አክስቱ ወይም ጎረቤቱ ናት። አሳዳጊ ቤተሰቦች ለማኅበር የሚነግሩት ነገር ከማንኛውም ጥናት የማያንስ እውቀት ነው። ጥያቄያቸውና ቅሬታቸው የሚሰማበት የስልክ መስመር ሳይኖር ለለጋሾች ብቻ የሚናገር ድርጅት በአንድ ጆሮ የሚሰማ ድርጅት ነው።

መስመር ሲቋረጥ

ይህን ሁሉ ስንል ኢንተርኔት ብቻውን ይበቃል ማለታችን አይደለም። በሀገራችን እ.ኤ.አ. ከጁን 2020 ማብቂያ ጀምሮ ለሳምንታት ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። የየቲም ቀለብ ግን መስመር እስኪመለስ አይጠብቅም። ስለዚህ የልጆቹ መዝገብ በወረቀትም ይኑር፤ ገንዘቡን በእጅ የሚያደርስ ታማኝ ሰውም በየሰፈሩ ይታወቅ። ስማርት ስልክ የሌላቸው፣ ዓይናቸው የደከመ አባቶችና እናቶች ደግሞ ከሰደቃ በር ሊርቁ አይገባም። ለእነርሱ ደረሰኙም ሆነ ይህች መጽሔት በእጃቸው ይድረስ፤ የማያነቡትም ይነበብላቸው።

አጭበርባሪም በዚሁ መስመር እንደሚመላለስ አንርሳ። እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ በእስያ ከደረሰው ሱናሚና በ2005 አሜሪካን ከመታው ካትሪና አውሎ ነፋስ በኋላ በተጎጂዎች ስም የሚለምኑ ሐሰተኛ ድረ ገጾች ታይተዋል። ስለዚህ በስልካችሁ የደረሰ የእርዳታ ጥሪ ሁሉ እውነት ነው ብላችሁ ከመላካችሁ በፊት ሦስት ነገር አረጋግጡ። አንደኛ፣ ድርጅቱ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የተመዘገበ መሆኑን፤ ሁለተኛ፣ የሒሳብ ቁጥሩ በግለሰብ ሳይሆን በድርጅቱ ስም መሆኑን፤ ሦስተኛ፣ ደውላችሁ ብትጠይቁ የሚመልስላችሁ ሰው መኖሩን። መጠየቅ አለማመን አይደለም፤ አማናን ማገዝ ነው።

ከእያንዳንዳችን የሚጠበቀው

ለጋሾች ሆይ፣ ስትሰጡ ጠይቁ፤ ገንዘባችሁ የት እንደዋለ ለማወቅ ጠይቁ እንጂ የልጁን ፊት ለማየት አትጠይቁ። እንባ ያለበትን ፎቶ ሳይሆን ቁጥር ያለበትን ሒሳብ ፈልጉ። የየቲም ምስል የያዘ መልእክት በደረሳችሁ ጊዜ ለሌላ ከማስተላለፋችሁ በፊት «ይህ ልጅ የእኔ ቢሆንስ?» ብላችሁ ቆም በሉ።

አሳዳጊ ቤተሰቦች ሆይ፣ የልጃችሁን ፎቶ «አናስነሳም» ማለት መብታችሁ ነው፤ በዚህ ምክንያት ድጋፍ ሊቋረጥባችሁ አይገባም። የደረሳችሁንና ያልደረሳችሁን ያለ ፍርሃት ተናገሩ፤ ቃላችሁ ምስክር ነው።

በመልካም ሥራ ለተሰማራን ሁሉ ደግሞ፣ የየቲም ገንዘብ በጥያቄ ቀን የምንቆምበት ጉዳይ ነው። ያን ጊዜ የሚጠየቀው በገጻችን ላይ ስንት ሰው እንደተመለከተን ሳይሆን በእጃችን የተቀመጠው አማና ለባለቤቱ መድረሱ ነው። ሒሳባችን በአደባባይ ይነበብ፤ እውቀታችን ለጠየቀ ሁሉ ይድረስ፤ የየቲሙም ገመና በመጋረጃው ውስጥ ተከብሮ ይኑር።

አላህ (ሱ.ወ.) የሰጣችሁትን ይቀበላችሁ፤ ያስቀራችሁትን ይባርክላችሁ፤ የቲሞቻችንንም ቀና ብለው የሚሄዱ፣ ነገ በተራቸው ለሌላው የሚተርፉ ያድርጋቸው። አሚን።